የሰሹዋሯ እርሾ

እኅቴ ስርጉት ወደ ሱዳን በተሻገረችበት ጠዋት ሰሹዋሯ ፀጉሯን ነከሰቻት።

ሰሹዋር የምንለው የፀጉር ማድረቂያውን ነው። ሌላ አገር ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ መተማ ዮሐንስ ላይ ከማዶ የመጣን ዕቃ የማዶ ሰዎች በሚጠሩት ስም እንጠራዋለን። ጥቁር ነበረች፤ አፏ ሰፊ፣ ጀርባዋ ላይ ክብ መረብ ያላት። ስርጉት በቤታችን የፊት ክፍል መስተዋት ሰቅላ የሴቶችን ፀጉር የምትሠራው በእሷ ነበር። ውሻ እንኳ ምላሱን ጎልጉሎ ከራኩባው፣ ከደጁ የሣር ዳስ ጥላ በማይወጣበት አገር፣ ሰው ትኩስ ነፋስ ለማስነፋት ለምን ተራ እንደሚጠብቅ አይገባኝም ነበር።

ያን ጠዋት የራሷን ፀጉር አጥባ ስታደርቅ የኋላው መረብ በደንብ አልተጠመዘዘም ኖሮ ወለቀ። ረጅሙ ፀጉሯ ወደ ውስጥ ተሳበ። «እማ! ኧረ በላችኝ!» ብላ ስትጮኽ እናቴ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች፤ ከዚያም በመቀስ ቆርጣ አላቀቀቻት። ሂና የነካው ቀላ ያለ ዘለላ ከማራገቢያው ጀርባ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ስርጉት ጭንቅላቷን እያሻሸች ሳቀች።

«መያዣ አስቀረችብኝ» አለች።

እናቴ አልሳቀችም። «ቅሪ ብትልሽ ነው» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! ሰሹዋር ሰው ቅሪ ሲል የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ስትወጣ ወረንጦዋንና አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ያረጋል፣ ሰሹዋሯ ያንተ አደራ ናት። አቧራ እንዳታስበላት። ስመጣ አያታለሁ» አለችኝ። ከካርቱምም አልፋ የምትሄድ መሆኗን ማንም አልነገረኝም። እኔ የመሰለኝ ድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ ውላ የምትመለስ፣ ቢበዛም ለእኔ ልክ የሚሆን ጫማ እስክታገኝ የምትቆይ ነበር። ስለዚህ ከማልቀስ ይልቅ ብሩሹን በኪሴ ይዤ በሰፈር ልጆች ፊት ስጎማለል ዋልሁ።

የጽዳቱን ሥራ ቀደም ብላ አስተምራኛለች። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ከዚያ እስክትበርድ ይጠበቃል፤ ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር። መረቡ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይወጣል። የተጋገረበት አቧራ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ውስጧን ውኃ አይነካትም። ወደ ውስጥ የገባው የፀጉር ብናኝ በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቀማል። ገመዷም እጀታዋ ላይ ተጠብቆ አይጠመጠምም፤ ሽቦው ከውስጥ ይበጠሳል፤ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል። በመጨረሻ አፏን ወደ ታች ደፍቶ ጀርባዋን መታ መታ ማድረግ ነው። ከውስጧ የሚራገፈውን አይቼ «ይኸን ሁሉ በልታ?» ስላት ስርጉት «የመተማን አቧራ ያልበላ ማን አለና» ትለኝ ነበር።

ስርጉት ከሄደች በኋላ መጀመሪያ ሳጸዳ ወረንጦውን ይዤ ወደዚያ ቀይ ዘለላ ሄድሁ። እናቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«ይቺን ተዋት።»

«ቆሻሻ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ይቺ ትቀመጥ።»

እኔም የገባኝ መሰለኝ። እናቴ ሊጥ በጨረሰች ቁጥር ከቡሆቃው ጥግ እርሾ ታስቀራለች፤ እርሾ የሌለው ሊጥ አይነሣም። ሰሹዋርም ሲጠረግ ትንሽ ፀጉር ካልቀረላት አትነሣም ማለት ነው ብዬ ደመደምሁ። ለሰፈር ልጆችም እንደዚያው አስረዳሁ። የጎረቤታችን የእትዬ ሙሚና ልጅ ሰፍዋን ብቻ ተጠራጥሮ «አንቡላንስም እርሾ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዳለው ነገርሁት።

ክረምቱ ወጣ። አባቴ ባየልኝ ሰሊጡን ለማሳጨድ ከሠራተኞቹ ጋር ኮኪት ማሳው ላይ ሰፈረ። ያን ሰሞን አንድ ቀን እትዬ ሙሚና ከሱቃቸው እየተጣደፉ መጡ። የተከናነቡት ለፋያ መሬት ይጎተታል፤ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ አንድ እግራቸው ላይ የሰፍዋንን ጫማ አድርገዋል። ያን አይቼ ልስቅ ስል «ያረጋል፣ ሂድ ከሰፍዋን ጋር ከረሜላ ውሰዱ፤ የፈለጋችሁትን» አሉኝ። እትዬ ሙሚና የፈለጋችሁትን ብለው አያውቁም። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ብዬ በረርሁ።

አፌ በከረሜላ ቀልቶ ስመለስ የነፍስ አባታችንና አጎቴ ፈረደ ቤት ውስጥ ነበሩ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ከረሜላዬን ደበቅሁ።

ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ አላውቅም። የእትዬ ሙሚና ስልክ የሱዳን መስመር ስላለው ከማዶ የሚደወል ሁሉ የሚገባው በእሳቸው ነበር። የደወለችው ከስርጉት ጋር የተጓዘች ልጅ ናት። መኪናቸው ከሱዳን ወዲያ በረሃው ላይ ተበላሽቶባቸው፣ ውኃ አልቆባቸው፣ ስርጉትን አሸዋ ውስጥ ቀብረው ሄደዋል። ቄሱና አጎቴ ያን ቀን የመከሩት መርዶው ለአባቴ መቼ ይነገር በሚለው ላይ ነው። አባቴ ለቅሶ ከተቀመጠ ሠራተኛው ይበተናል። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ጉሮሯችን ያ ነው። ስለዚህ ሰሊጡ ታጭዶ እስኪገባ አፍ ሁሉ እንዲዘጋ ተስማሙ። የእናቴም አፍ ጭምር።

እናቴ ያን ሰሞን አዲስ ልማድ አወጣች። ቀትር ላይ ሰሹዋሯን ይዛ የፊት ክፍል ትገባና በርና መስኮቱን ዘግታ ታስነሣታለች። የሚታጠብ ፀጉር የለም፤ ደንበኛ የለም።

«ምን ታደርጊባታለሽ?» አልኋት።

«ቆሞ የከረመ ሞተር ይነክሳል። አጎትህ ክረምት ላይ ትራክተሩን ዝም ብሎ ሲያስነሣ አላየህም?»

አይቻለሁ። እውነቷን ነው።

በሩ ሥር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ሰሹዋሯ ትጮኻለች፤ በጣም ነበር የምትጮኸው። ከጩኸቷ ሥር አንዳንዴ ሌላ ድምፅ ያለ ይመስለኛል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ይጠፋል። እናቴ ስትወጣ ፊቷ አብጦ፣ ዐይኖቿ እንደ በርበሬ ቀልተው ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«አቧራው ነው፤ ዐይኔ ገባ።»

አቧራው የእኔ ኃላፊነት ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጸዳኋት። መረቡን በመርፌ ጫፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ጠረግሁት፤ ብሩሹ የማይደርስበትን በዶሮ ላባ አዳረስሁት። መስኮት ላይ አንሥቼ በፀሐዩ ሳያት ከእርሾዋ በቀር ምንም የለባትም። እናቴ ይዛት ትገባለች። ስትወጣ ያው ናት፤ እንዲያውም ብሶባታል። ምን እንደጎደለኝ ግራ ገባኝ።

አንድ ቀን ራኩባው ሥር እትዬ ሙሚና የእናቴን እጅ ይዘው ሲያወሩ ሰማሁ።

«የሻረግ፣ ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ እንዲህ ሆነሽ ትዘልቂዋለሽ?»

«ሰሊጡ እስኪገባ ነው።»

«እስኪገባ ድረስ ምን ይቀርሻል? በእኛ ቢሆን ኖሮ በዕለቱ…» ብለው ተዉት። ቀጥለው «እሷንማ ተያት፣ ወላሂ ልታፈነዳሽ ነው» አሉ፤ ወደ ሰሹዋሯ እያመለከቱ።

«ያለ እሷ አልችልም» አለች እናቴ።

ደስ አለኝ። ሰሊጡ ሲገባ አባቴ አዲስ ሰሹዋር ይገዛል፤ እስከዚያ አሮጌዋን ማቆየት ነው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው ብዬ አመንሁ። ቤታችን ውስጥ ያለው ዝምታ፣ ሴቶቹ እየመጡ የእናቴን ትከሻ መንካታቸው፣ እኔን ሲያዩኝ ወሬ መቀየራቸው፣ ሁሉም ስለ ሰሹዋሯ ነበር።

ሰሹዋሯም በእውነት ታመመች። መጀመሪያ ስትነሣ ሲጥጥ ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ እየደከመች፣ እየተንተፋተፈች ሄደች። የተጠመጠመው ፀጉር ዘንጉን አጥብቆ ይዞት ኖሯል። እናቴ ወፍጮ ቤት በሄደችበት አንድ ረፋድ አጎቴ ፈረደ መጣ። የእናቴ ታናሽ ነው፤ የትራክተር መካኒክ ነው፤ እጁ ላይ ግራሶ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም።

«ምነው ትናንት ቀትር ላይ ሳልፍ ከሩቅ ሰማኋት? እንደ ተያዘ አይጥ ትጮኻለች» አለ። «እስቲ አምጣት።»

ራኩባው ሥር ተቀምጦ በቢላ ጫፍ ቡሎኖቿን ፈታ። ቡሎኖቹን በቆርቆሮ ክዳን እየተቀበልሁ የማውቀውን ሁሉ ነገርሁት፤ ውኃ እንደማይነካት፣ ገመዷ እንዴት እንደሚጠቀለል።

«አንተማ ዶክተሯ ነህ» አለኝ። ወደ ውስጥ አየና አፏጨ። «ይኸዋ! አንቆ ይዟት!»

«አጎቴ፣ ያን አትንካው። እርሾዋ ነው።»

«ምኗ?»

«እርሾዋ። እማ ትቀመጥ ብላለች።»

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እናትህ ስለ እንጀራ ትወቅ። ሞተር ሞተር ነው። ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ሲባጎ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ምን እናደርጋለን? እናቃጥላለን።» ከደረት ኪሱ ላይተር አወጣ።

ፀጉሩ ወዲያው አልነደደም። ተኮማተረ፣ ተንጣጣ፣ ከዚያ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አጎቴ አመዱን እፍ አለው። ነፋሱ ይዞት ወደ መንገዱ ሄደ።

«አሁን ዘይት ትፈልጋለች» አለ። የሞተር ዘይት አልያዘም። ቤት ገብቶ የሰሊጥ ዘይት ጠርሙሳችንን ይዞ ወጣ። «መተማ ተቀምጦ ዘይት የት ይኬዳል? ከዚህ የጠራ የለም» እያለ በዘንጉ ላይ ጠብ ጠብ አደረገበት። ከዚያም እንዳያንስ ብሎ ጨመረበት። ገጠማትና ሲያስነሣት ሲጥጥታው ጠፍቶ እንደ ንብ እምም አለች።

«እንዲህ ነው እንጂ። ሰሊጡ እስኪገባ ብቻ ትቆይላት» አለ፤ ድንገት ድምፁ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሜዳው ሲያይ ቆየ። አጎቴ ሰሹዋሯን ለምን ያን ያህል ተጠብቦ እንደሠራት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እኅቱ የምታለቅስበት ድምፅ እንዳያጣት ብሎ ነበር።

እናቴ ዱቄቷን ተሸክማ ስትመጣ ሮጬ ነገርኋት። ሸክሟን ሳታወርድ ሰሹዋሯን ከአጎቴ ተቀበለች፤ ጀርባዋን ወደ ብርሃን አዙራ በመረቡ ውስጥ አየች። ደግማ አየች።

«ፈረደ፣ እዚህ ላይ የነበረውስ?»

«የቱ?»

«ፀጉሩ።»

«እሱማ ነው እኮ ጉዱ። አቃጠልሁት።» የእናቴን ፊት አየ። «ምነው? ምን… የማን…» አለ።

ዱቄቱ ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወረደ። እናቴ ግን አልጮኸችም። «ደግ አደረግህ» አለችው ቀስ ብላ። «አንተ ምን አውቀህ።»

አጎቴ ላይተሩን ከኪሱ አውጥቶ አየው። ምን እንዳጠፋ አልገባኝም፤ የእርሾውን ነገር አስቀድሜ ነግሬው ነበርና በልቤ አዘንሁበት።

ነገሩ በዚያ ቀን ባይሆን፣ አባቴ በዚያ ቀን ባይመጣ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። መጣ። የጭነት መኪና ከኮኪት አውርዶት ለሠራተኞቹ ዱቄትና ማጭድ ሊወስድ መጣ። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ እየሳቀ ነው የገባው።

«የሻረግ! ዘንድሮ ሰሊጡን ብታዪው! ግማሹን አጭደን ጥለነዋል፤ የቀረው እንዳያመልጠን እንጂ። ለእግሬ ውኃ አቅርቡልኝ፣ እግር መሆኑም ጠፍቶኛል።» አጎቴን አየው። «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንደ ተቀማ ሰው የቆምህ?»

«ደህና ነኝ፣ አያ ባየልኝ።»

እናቴ ውኃውን በሳፋ አቀረበችለት። ጎንበስ ብላ ስታስቀምጥ «ስርጉት ደወለች?» አላት።

«መስመሩ አይሠራም አሉ።»

«እሷም እኮ መደወል አትወድም። እንደ አንቺው ናት።»

እናቴ ቀና አለች። «ሰሹዋሯን ላስነሣት፤ እንዳትነክስ» አለችና ገብታ በሩን ዘጋች።

እምም የሚለው አዲሱ ድምፅ ተሰማ። አባቴ እግሩን እያሸ ስለ ሠራተኞቹ ያጫውተኛል፤ አንዱ ጎጃሜ እባብ አይቶ ከነማጭዱ ዛፍ ላይ እንደወጣ፣ አልወርድም ብሎ ምሳው በገመድ እንደተላከለት። አጎቴ ከምሰሶው አልተንቀሳቀሰም። ጥቂት ቆይቶ ደስ የሚል ሽታ መጣ።

አባቴ አሸተተ። «ሰሊጥ እየቆላሽ ነው እንዴ?» ሲል ጮክ ብሎ ጠየቀ።

ሽታው ወደ ጭስ ተለወጠ። በበሩ ሥር ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ሰሹዋሯ ጸጥ አለች።

የእናቴ ድምፅ ግን አልቆመም። ያ ሁሉ ቀን ከሰሹዋሯ ጩኸት ሥር ሲጠፋብኝ የነበረው ድምፅ ብቻውን፣ ሙሉውን ወጣ። «ፀጉርሽን እንኳ! ልጄ፣ ፀጉርሽን እንኳ አላተረፍሁልሽ! ስርጉቴ፣ ፀጉርሽን እንኳ!» የሰሹዋሯን መቆም እናቴ አላወቀችም። ወይም አውቃ ማቆም አልቻለችም።

አባቴ አንድ እግሩ ሳፋው ውስጥ፣ አንዱ ደረቅ መሬት ላይ ነበር። መጀመሪያ አጎቴን አየው። አጎቴ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ያረጋል» አለኝ፣ በጣም በቀስታ። «ማን ነው የሞተው?»

የማውቀውን ነገርሁት። «ሰሹዋሯ ናት፣ አባዬ። አጎቴ እርሾዋን አቃጠለው።»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እርጥብ ዱካው ከኋላው ወዲያው ወዲያው ይደርቅ ነበር።

መርዶ በእኛ ዘንድ ማለዳ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይቀድማል፣ ሰውየው ተይዞ፣ ተደግፎ ይነገረዋል። ለአባቴ ግን ቀትር ላይ፣ በተዘጋ በር፣ በተቃጠለ ሰሊጥ ሽታ ውስጥ ተነገረው። ዳስ ተጣለ። በለቅሶው መካከል ቀሚሷና ፎቶዋ ተቀመጠ፤ ከገላዋ የሆነ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ቀሚሱን እያነሡ ሲያለቅሱ እናቴ ባዶ እጇን እያየች ነበር። እኔ ሰው ሁሉ ለሰሹዋር ይኸን ያህል ማልቀሱ ገርሞኝ ነበር፤ ሰፍዋን ነው ጎኔ ተቀምጦ፣ አለወትሮው ሳይቀልድ፣ «እኅትህ እኮ ናት» ያለኝ።

ሠራተኞቹ ትንሽ ጠበቁና ወደ አብርሃ ጅራ ማሳዎች ሄዱ። አባቴ ከለቅሶ ተነሥቶ ኮኪት ሲደርስ የቀረው ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ጨርሷል። «አገዳው ብቻ ቆሞ አገኘሁት» አለ። በሚቀጥለው ዓመት አላረሰም፤ ከዚያም በኋላ አላረሰም። እኔም ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርቱን ተውሁ።

አጎቴ ሲጋራ አቁሟል። በየበዓሉ ይመጣል፤ ሲቀመጥ ከደጅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «እኔ ምን አውቄ፣ የሻረግ» ሲላት ሰምቻለሁ። «አንተ ምን አውቀህ» አለችው፤ ያኔ ባለችው ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ሰሹዋሯ አሁን እኔ ጋ ናት። አትነሣም፤ ላስነሣትም ሞክሬ አላውቅም። ሙቀቱ ሲበረታ ከሳጥኗ ውስጥ የተቆላ ሰሊጥ ትሸታለች። እናቴ ያን ጊዜ ወጥታ ራኩባው ሥር ትቀመጣለች።

ማጽዳቱን ግን አልተውሁም። ስመጣ አያታለሁ ተብያለሁ። መረቡን ወደ ግራ ጠምዝዤ አወጣለሁ፣ በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ገመዷን ላላ አድርጌ እጠቀልላለሁ። ዘንጉ ጋ ስደርስ ግን፣ ምንም እንደሌለበት እያወቅሁ፣ ብሩሹን አነሣለሁ። እዚያ ላይ አልነካትም።